የሐረር ፔጆ 404፦ ቅርስ ናት፣ ታክሲ ናት ወይስ ባንክ?

ባለፈው ሰሞን ኤረር በር አካባቢ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንድ የሰፈራችን ልጅ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። ስልኩን አውጥቶ የአንድ ፔጆ 404 ፎቶ አሳየን። ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብታለች፣ ወንበሯ አዲስ ልብስ ለብሷል፣ ከሩቅ ስትታይ ታምራለች።

«እስቲ እዩልኝ፣ ልግዛት?» አለን።

ልጁ ታክሲ ነጂ አይደለም። መንጃ ፈቃድም የለውም። ዕቁብ ወጥቶለታል፤ ውጭ አገር ያለች እህቱም ትንሽ ልትጨምርለት ቃል ገብታለች። ደላላው ደግሞ እንዲህ ብሎታል፦ «ይቺ መኪና ከዚህ በኋላ አትመጣም። ዩኔስኮ የመዘገባት ከተማ መኪና ናት። ፈረንጅ ሲያያት ፎቶ ሳያነሳ አያልፍም። ገዝተህ ጋራዥ አስቀምጣት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በእጥፍ ትሸጣታለህ።»

ያን ቀን ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠነውም። ቤት ገብተን ሒሳብ ሠራን፣ ሰውም ጠየቅን። ይሄ ጥያቄ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለምናውቅ ያገኘነውን እዚህ እናካፍላችሁ። አንዱ ፔጆ ይላል፣ ሌላው አዲስ አበባ ቮልስ ፍለጋ ይዞራል፣ ሌላው ቪትዝ ገዝቶ ሳይነዳ ያቆማል። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ያለችኝን ጥሪት መኪና ላይ ላስቀምጥ ወይ?

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም

ሌላ አገር ላለ ሰው «መኪና ገዝቼ ላትርፍ» ብትሉት ይስቅባችኋል። እዚያ መኪና ከመሸጫው ወጥታ የመጀመሪያውን መንገድ ስትነካ ዋጋዋ ይወርዳል። እኛ አገር ግን ስንቱ ሰው የገዛትን መኪና አምስት ዓመት ነድቶ ከገዛበት በላይ ሸጧል። ይሄንን ያየ ልጅ መኪናን እንደ ቁጠባ ቢቆጥር አይፈረድበትም።

ባንኩንም እንየው። በ2010 ባንኮች ለቁጠባ እንዲከፍሉ የተቀመጠው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በ2014 ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የወጣባቸው ወራት ነበሩ። 500 ሺህ ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 535 ሺህ ያገኛል። ዕቃው በ30 በመቶ ከጨመረ ግን ያንኑ ዕቃ ለመግዛት 650 ሺህ ያስፈልገዋል። ደብተሩ ላይ ገንዘቡ ጨመረ፤ ገበያ ላይ ግን 115 ሺህ ብር ጎደለው። ንረቱ ከዚያ ወዲህ ቢረግብም ያ ዘመን ያስተማረው ፍርሃት ከሰው ልብ አልወጣም።

ሐረር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ብዙው የከተማችን ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት ወለድ አይቀበልም። ከወለድ ነፃ የሚሠሩ ባንኮች እንደ ዘምዘም ያሉት ሥራ የጀመሩት በ2013 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አማራጭ ወይ በሌሎች ባንኮች የተከፈተው ከወለድ ነፃ መስኮት፣ ወይ ወርቅ፣ ወይ መሬትና ቤት፣ ወይ ዕቃ ነበር። ስለዚህ «ገንዘቤን የሚነካ ነገር ላድርገው» የሚለው ሐሳብ እዚህ ሥር የሰደደ ነው። ሰዉ ብረት ላይ የሚሮጠው ብረት ስለሚወድ አይደለም፣ ብሩ እጁ ላይ ስለሚቀልጥበት ነው።

ጭማሪው ከየት መጣ?

የመኪና ዋጋ በራሱ አልጨመረም። ሦስት ውሳኔዎች ገፉት።

አንደኛው በየካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ነው። ቁጥሩ 1186/2012 ነው። አሮጌ መኪና በገባ ቁጥር ታክሱ እያደገ እስከ 500 በመቶ እንዲደርስ አደረገ። ያገለገለ መኪና በርካሽ የሚገባበት በር ያኔ ጠበበ።

ሁለተኛው በጥር 2016 የተሰማው ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። በቤንዚን የሚሄደው እንግዲህ እዚሁ ያለው ብቻ ሆነ።

ሦስተኛው ሐምሌ 22 ቀን 2016 የሆነው ነው። ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ከዚያም መውጣቱን ቀጠለ።

አሁን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። እንበልና ምንዛሪው ከመለቀቁ በፊት አንድ ሰው መኪና በ500 ሺህ ብር ገዛ። በ57 ሲካፈል ወደ 8,770 ዶላር ነው። ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው ያቺ መኪና 1 ሚሊዮን 315 ሺህ ብር ካላወጣች ሰውየው አላተረፈም ማለት ነው። በ1 ሚሊዮን ሸጦ «እጥፍ አተረፍኩ» ብሎ ቢጋብዘን እኛ እንበላለን፤ ግን በዶላር ከሄድን ከስሯል። ብዙ ጊዜ የመኪና ትርፍ የምንለው ነገር የብር መውደቅ ነው። መኪናዋ ባለችበት ቆማ መሬቱ ነው ከሥሯ የወረደው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እነዚህ ሦስቱም የመንግሥት ውሳኔዎች ናቸው። ውሳኔ የወለደው ዋጋ በውሳኔ ሊወርድ ይችላል። ነገ ክልከላው ቢላላ፣ ወይም የኤሌክትሪክ መኪና በርክሶ ሁሉም ቤት ቢገባ፣ ወይም ታክሲ ላይ የዕድሜ ገደብ የሚያወጣ መመሪያ ቢመጣ፣ ጋራዥ ውስጥ በሸራ የተሸፈነችው መኪና ምንም ሳትሆን ዋጋዋ ይለወጣል። የዚህን ዓይነት ዜና ደግሞ ቀድሞ የሚሰማው የኤረር በር ልጅ አይደለም።

«ብርቅ ናት» ሲባል

የደላላው ትልቁ ቃል «ብርቅ» የምትለዋ ነች። ዓለም ላይ ብርቅ መኪና ገዝተው የሚከብሩ ሰዎች በእርግጥ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ፌራሪ 250 ጂቲኦ አሜሪካ ውስጥ በጨረታ 48.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። በ2022 ደግሞ አንድ መርሴዲስ 300 ኤስኤልአር በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጦ የዓለምን ሪከርድ ሰበረ።

ግን ለምን በዚህ ዋጋ ተሸጡ? ፌራሪው ከተሠሩት 36 መኪኖች አንዱ ነው። የመርሴዲሱ ዓይነት የተሠራው ሁለት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ እያንዳንዱ መኪና ማን እንደነዳው፣ የት እንደተወዳደረ፣ መቼ ምኑ እንደተቀየረ በወረቀት ይታወቃል። ሞተሩ የራሱ ነው? ሻንሲው የራሱ ነው? የሚከፈለው ለዚህ መልስ ነው። ጨረታው አዳራሽ ውስጥ ደግሞ በዚያ ዋጋ የሚፎካከሩ ባለገንዘቦች አሉ። ብርቅነት፣ ወረቀት፣ ገዢ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ዋጋ የሚሆኑት።

ፔጆ 404ን በዚህ ሚዛን እንያት። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ፈረንሳይ ውስጥ የተመረተች፣ ቅርጿን ጣሊያናዊው ፒኒንፋሪና የነደፈው፣ በጠንካራነቷ አፍሪካን ያዳረሰች መኪና ናት። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። ክብር ይገባታል። ብርቅ ግን አይደለችም። በዓለም ላይ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሠርታለች። ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ጣራው የሚከፈተውንና ባለሁለት በሩን ነው። እኛ ጋ ያለችው ባለአራት በሯ ናት።

ወረቀቷስ? ራሊ ያሸነፈችው መኪና ታሪክ ለዚያች ለራሷ ነው፤ እህቶቿ ሁሉ አይካፈሉትም። የሐረሯ 404 ከ50 ዓመት በላይ ስትሠራ ስንት ጊዜ ሞተሯ እንደወረደ፣ ስንት ጊዜ ላሜራዋ እንደተቆረጠና እንደተበየደ፣ ቀለሟ ስንት ድርብ እንደሆነ የጻፈ የለም። የቆየችው እኮ የእኛ ሜካኒኮች ባገኙት ዕቃ ስላኖሯት ነው። የጠፋውን ቶርኖ ቤት አስቀርጸው፣ ከሌላ መኪና አምጥተው ገጥመው ነው። ለእኛ ይሄ የሚያኮራ ጥበብ ነው። ለውጭ ሰብሳቢ ግን ዋጋ ይቀንሳል፤ እሱ የሚፈልገው ከፋብሪካ እንደወጣች ያለችውን ነው።

«ዩኔስኮ የመዘገባት» የምትለዋንም እናጥራ። እ.ኤ.አ. በ2006፣ በእኛ 1998 ማለት ነው፣ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል ነው፤ ግንቡ፣ በሮቹ፣ መተላለፊያዎቹ፣ ቤቶቹ፣ መስጊዶቹ። ታክሲዋ ዝርዝሩ ላይ የለችም። ቱሪስት ፎቶ ማንሳቱ እውነት ነው። ፎቶ ማንሳትና መግዛት ግን ለየቅል ናቸው። ኤረር በርንም ስንቱ ፎቶ አንስቷል፤ ዋጋ የጠየቀ ግን አላየንም።

ፈረስ መጋላ የሰማነው

ቁጥራቸው ቢመናመንም ፈረስ መጋላ ሰው የሚጠብቁ ፔጆዎች አይጠፉም። ከዕድሜ ጠገቦቹ ሾፌሮች አንዱን «ጋሼ፣ ይቺን መኪና ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል?» ብለን ጠየቅናቸው። መጀመሪያ ሳቁ። «ማስቀመጥ? አቦ፣ መኪና ይቀመጣል እንዴ! ይቺ ያበላችኝ ስለነዳኋት ነው። ቆማ ቢሆን ኖሮ እኔ ነበርኩ የማበላት» አሉን።

እውነታቸውን ነው። የቆመች መኪና ትበላለች። ባትሪ ይሞታል፣ ጎማ ይደርቃል፣ ጎሚኒ ይሰነጠቃል፣ ዝገት ከሥር ይጀምራል። ቦሎ በየዓመቱ ይመጣል፣ የሦስተኛ ወገን መድን አለ፣ ማቆሚያ ይከፈላል፣ ዘበኛው ይጠብቃል። እንበልና መኪናዋ በ500 ሺህ ተገዝታ ዋጋዋ በዓመት 15 በመቶ ጨመረ፤ 75 ሺህ ብር ነው። ለማቆያና ለጥገና በወር 5 ሺህ ብቻ ብታወጡ በዓመት 60 ሺህ ሄደ። የቀረው 15 ሺህ፣ ማለትም 3 በመቶ ነው። አንድ ጊዜ ሞተር ከወረደ እሱም የለም።

ብትሠራስ? በአንድ በኩል ባጃጅ አለ። ጀጎል ውስጥ ከ360 በላይ ጠባብ መተላለፊያዎች አሉ። ባጃጅ የሚሽሎከሎክበት ፔጆ አትደርስም፤ ነዳጅም እንደሷ አይጠጣም። በሌላ በኩል የቤንዚን ዋጋ አለ፤ በ2017 የገና ሰሞን ሊትሩ 100 ብርን ከተሻገረ ወዲህ አሮጌ ሞተር ይዞ መሥራት ከበፊቱ ከብዷል። ጋሼ ግን አሁንም ይሠራሉ። ደንበኛ አላቸው፤ ሠርግ ይጠራሉ፣ እንግዳ ያዞራሉ፣ ዕቃ የያዙ እናቶች ባጃጅ ስለማይችለው እሳቸውን ይፈልጋሉ። ብልሽት ሲመጣም ግማሹን ራሳቸው ይፈቱታል። መኪናዋ ለእሳቸው የምታዋጣው ከሙያቸው ጋር ሆና ነው። ያንን ሙያ ደላላው አብሮ አይሸጠውም።

መግዛቱ ሳይሆን መሸጡ

ሰው ንብረት ሲገዛ «ስንት ያወጣል?» ይላል። «በስንት ቀን ይሸጣል?» የሚል ግን ጥቂት ነው።

ኮሮላ ወይም ቪትዝ ያለው ሰው ችግር ቢገጥመው ትንሽ ዝቅ አድርጎ በሳምንት ውስጥ ይሸጣል፤ ገዢው ብዙ ነው። የፔጆ 404 ገዢ ማነው? እዚሁ ያሉ ሾፌሮች፣ ለመለዋወጫ የሚፈልጋት ሰው፣ አልፎ አልፎ አሮጌ መኪና የሚወድ አንድ የአዲስ አበባ ሀብታም። በቃ። እናት ብትታመም ወይም የእህት ቪዛ ድንገት ቢመጣ ያንን ሀብታም ስንት ወር ይጠብቁታል? ወርቅ እንኳ ቢሆን ግራም በግራም ይሸጣል። ከመኪና ላይ ግን በሩን ብቻ ነቅሎ ሸጦ የቀረውን ማስቀመጥ አይቻልም። ከተሸጠም የተሸጠው በመለዋወጫ ዋጋ ነው።

ደላላው «ፈረንጅ ይገዛታል» ማለቱን አትርሱ። እሺ ይግዛት። ከሐረር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ፣ የወጪ ሰነዱ፣ ማጓጓዣው፣ ደርሳ ስትፈተሽ ሞተሯ የሌላ ሆኖ ቢገኝስ? አውሮፓ ያለ ሰው እዚያው ጎረቤቱ ያለችውን 404 ትቶ ይሄንን ሁሉ ለምን ይሸከማል?

ታዲያ ምን እንበለው?

ልጁ ተመልሶ ሲመጣ የነገርነውን ለእናንተም እንንገራችሁ። ምክራችን የባለሙያ አይደለም። ከፈለጋችሁ ውሰዱት፣ ካልፈለጋችሁ ተዉት።

ለቁጠባ ከሆነ አትግዛ። ምክንያታችን አንድ ነው፤ ያለህ ገንዘብ ይሄው ብቻ ነው። ብርቅ መኪና የሚሰበስቡት ሰዎች መኪናው ቢከስር እራታቸው አይጎድልም። የአንተ ግን የዕቁብ ጓደኞችህ ገና የሚጠብቁት ዕዳ፣ የእህትህ የሌሊት ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ገዢው አንድ ለእናቱ በሆነ ዕቃ ውስጥ መታሰር የለበትም።

ልትሠራበት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ መንጃ ፈቃድ አውጣ። ሙያውን ከሚያውቅ ሾፌር ጋር ጥቂት ወራት ዙር፤ ገቢና ወጪውን በደብተር ጻፍ። ደብተሩ ካዋጣህ ያኔ ግዛ። ስትገዛም እነዚህን አትዝለል፦

1. ሊብሬው በሻጩ ስም ነው ወይ? አሮጌ መኪና ከእጅ እጅ ስታልፍ ስም ሳይዛወር የቀረባት ብዙ ናት። ባለስሟ ከሞተ ወራሾቹን መሰብሰብ ያንተ ጣጣ ይሆናል።

2. የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል ወይ? ራስህ ጎንበስ ብለህ እይ፤ በፎቶ አትመን።

3. ቀለም አያታልህ። ደላላው የማያውቀውን ሜካኒክ ይዘህ ሂድ፤ ከሥር ተኝቶ ይያት።

4. ክፍያው ውልና ማስረጃ ፊት ይሁን። «ቀብድ ስጥ፣ ሌላ ገዢ መጥቷል» ከተባልክ ለሌላው ገዢ ተውለት።

5. ከገዛህ በኋላ እጅህ ላይ ቢያንስ የአንድ ትልቅ ጥገና ገንዘብ ይቅር።

ሌላም አማራጭ አለ። የኢትዮጵያ ሰነዶች ገበያ በጥር 2017 ሥራ ጀምሯል። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሲሸጥ ዝቅተኛው 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። አክሲዮንም ይወርዳል፣ ዋስትና የለውም፤ ገበያውም ገና ልጅ ነው። ግን በ10 ሺህ ብር ተጀምሮ የቀረው ሌላ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። ሁሉን ብር አንድ ጋራዥ ውስጥ ከመቆለፍ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይሻላል። ወለድ የማይቀበል ሰው ደግሞ ባንኩ ገንዘቡን ምን ላይ እንደሚያውለውና ትርፍ እንዴት እንደሚካፈል ሄዶ ይጠይቅ፤ መጠየቅ ነፃ ነው።

ለከተማችን አስተዳደርና ለቱሪዝም ሰዎችም አንድ ቃል አለን። ጀጎልን ለማሳየት መንገድ ሲሠራ፣ ግንብ ሲታደስ ደስ ይለናል። እነዚህ ፔጆዎች የሐረር መልክ ከሆኑ ግን መልኩን ተሸክመው ያሉት ሾፌሮቹ ናቸው። እንግዳ የሚያዞሩበት ቋሚ ተራ፣ የታወቀ ታሪፍ፣ ለመለዋወጫ የሚሆን ትንሽ ድጋፍ ቢኖር መኪናዋ እየሠራች ትቆያለች። እሱ ካልሆነ አንድ ቀን ሁሉም በሸራ ተሸፍነው በየጋራዡ ገዢ ይጠብቃሉ፤ ከተማውም መኪኖቹን ያጣል፣ ገዢዎቹም ብራቸውን።

ልጁ ሰምቶን ሲጨርስ «እናንተ ብትሆኑስ?» አለን። እኛማ ያን ያህል ብር ይዘን አናውቅም፤ ስለሌለ ብር መምከር ቀላል ነው። ግን ቢኖረን ለጋሼ የአንድ ቀን ሒሳብ ከፍለን ከፈረስ መጋላ እስከ ኤረር በር በፔጆዋ እንዞር ነበር፤ የቀረውን ይዘን እንመለሳለን።

ልጁ እስካሁን አልገዛም። መንጃ ፈቃድ ትምህርት ጀምሯል።

እናንተስ? ቁጠባችሁን መኪና ላይ ያደረጋችሁ ካላችሁ የገዛችሁበትን ብቻ ሳይሆን የሸጣችሁበትንም ንገሩን። ብዙ ሰው የሚጠቅመው እሱ ነው።